የትምህርት ቤት ሥራ በየትኛው በር? በቂርቆስና በካዛንቺስ ለመቀጠር ለሚፈልጉ

ሰኔ 30 ለተማሪው ካርድ የሚቀበልበት ቀን ነው። በትምህርት ቤት ሥራ ለሚፈልግ ሰው ግን ገበያው የሚቆመው ከዚያ ማግስት ጀምሮ ነው። ሐምሌ ሲገባ በየግል ትምህርት ቤቱ አጥር ላይ «መምህራን እንፈልጋለን» የሚሉ ወረቀቶች ይለጠፋሉ፤ ነሐሴ ላይ የጽሑፍና የቃል ፈተናው ይጧጧፋል፤ አደይ አበባ ሲፈነዳ አብዛኛው ቦታ ባለቤት አግኝቷል። ዲግሪውን ከዩኒቨርሲቲ ለማውጣት፣ የሥራ ልምዱን ለማጻፍ ጳጉሜን ላይ የሚሯሯጠው ብዙ ነው። ሲደርስ «ተይዟል» ይባላል።

ይህ መመሪያ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በካዛንቺስና በዙሪያው፣ በመምህርነት ወይም በድጋፍ ሰጪነት መቀጠር ለሚፈልጉ ነው። ከሁሉም የሚቀድም አንድ ምክር አለው፦ ማስረጃ ከማሰባሰብዎ በፊት የሚያንኳኩት በር የማን እንደሆነ ይለዩ። የመንግሥት፣ የግልና የሃይማኖት ተቋማት ትምህርት ቤቶች አጥር ለአጥር ቢዋሰኑም የሚቀጥሩበት ወቅት፣ የሚጠይቁት ወረቀትና የሚተዳደሩበት ሕግ ለየቅል ነው።

መጀመሪያ፦ ተማሪው የት እንዳለ ይወቁ

ቂርቆስ በስፋቱ ከአዲስ አበባ ትንንሽ ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው። ከካዛንቺስ ተነስቶ በመስቀል አደባባይ፣ በመሿለኪያ፣ በሪቼና በበቅሎ ቤት አድርጎ ጎተራ ለመድረስ ጎበዝ እግረኛ ታክሲ አያስፈልገውም። ሥራ ፈላጊም ይህን ቢያደርግ ይጠቅመዋል፤ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ ከስልክ ይልቅ በር ላይ ቀድሞ የሚለጠፍበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሰፈሩ ግን የትናንቱ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ነባር መንደሮች ለኮሪደር ልማትና ለመልሶ ማልማት ሲነሱ፣ በቀበሌ ቤት ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች በአቃቂ ቃሊቲ ወደሚገኘው ገላን ጉራና ወደ ሌሎች አካባቢዎች ሄዱ። ልጆቹም አብረው ሄዱ። ይህ ለሥራ ፈላጊው ተራ ወሬ አይደለም። በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው የመምህር ቁጥር የሚሰላው በክፍል፣ በተማሪና በክፍለ ጊዜ ብዛት ነው። መንደር ሲነሳ የተማሪ መዝገብ ይሳሳል፤ ሰው በሰፈረበት አዲስ መንደር ደግሞ ክፍሉ ይጨናነቃል። «ካዛንቺስ ተወልጄ አድጌያለሁ፣ እዚያው ነው የማስተምረው» ብሎ የሚጠብቅ ሰው ጥያቄውን ሰፋ አድርጎ «ቂርቆስ ወይም አቃቂ» ቢል ዕድሉም ይሰፋል።

በሌላ በኩል ካዛንቺስ የሆቴሎች፣ የቢሮዎችና የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሰፈር ሆኖ ቀጥሏል። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እዚያው ነው። ልጁን ከቢሮው አጠገብ አፀደ ሕፃናት ማስገባት የሚፈልግ ወላጅ አይጠፋም፤ የመዋዕለ ሕፃናት ሥራም የሚፈለገው እንዲህ ባለ ሰፈር ነው። እንግሊዝኛው የተቃና ሰው ግን ሆቴሉም ድርጅቱም ስለሚሻማው፣ የግል ትምህርት ቤቶች ጥሩ የእንግሊዝኛ መምህር ይዞ ማቆየት ይቸግራቸዋል። ለአመልካቹ ይህ የመደራደሪያ አቅም ነው።

ሁለተኛ፦ በሩን ይምረጡ

የመንግሥት መምህር ቅጥር ከርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ አይጀምርም። ርዕሰ መምህሩ የጎደለውን ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያሳውቃል፤ ማስታወቂያው፣ ፈተናውና ምደባው በከተማው ትምህርት ቢሮና በክፍለ ከተማው በኩል ይመጣል። ስለዚህ ሽመልስ ሀብቴ፣ አብዮት ቅርስ ወይም ጠመንጃ ያዥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ላይ ሲቪ ይዞ መቆም ሥራ አያስገኝም። ገብቶ መጠየቅ ግን ክፋት የለውም። የትኛው የትምህርት ዓይነት እንደጎደለ፣ ማን በጡረታ ሊወጣ እንደተቃረበ ከዩኒት ሊደሩ ወይም ከምክትል ርዕሰ መምህሩ የሚሰማ ሰው ማስታወቂያው ሲወጣ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ምደባው ቂርቆስ ላይ ይወድቃል ብሎ እርግጠኛ መሆን ግን አይቻልም፤ ከተማው የሚመድበው ጉድለት ባለበት ነው።

የግሉ በር ፈጣን ነው። ባለቤቱና ርዕሰ መምህሩ ተነጋግረው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊወስኑ ይችላሉ። እዚህ ግንኙነቱ የሚገዛው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁን ሳያነቡ ውል የሚፈርሙ መምህራን ስለሚበዙ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

ሦስተኛው በር ብዙ ጊዜ ይረሳል። እ.ኤ.አ. በ1959 በደላሳል ወንድሞች የተቋቋመው ቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1947 የተከፈተውና በፈረንሳይ የትምህርት ሥርዓት የሚያስተምረው ሊሴ ገብረ ማርያም፣ እንዲሁም የተለያዩ አብያተ ክርስቲያናትና የእስልምና ተቋማት የሚያስተዳድሯቸው ትምህርት ቤቶች የየራሳቸው የቅጥር ወግ አላቸው። ሰው ቶሎ ቶሎ አይለቅባቸውም፤ ቦታ ሲከፈትም ወሬው የሚናኘው መጀመሪያ በመምህራኑ መካከል ነው። በእነዚህ ዘንድ የቀድሞ ባልደረባ ምስክርነት ከሲቪ በላይ ይመዝናል።

ሦስተኛ፦ የትኛው ሥራ?

«መምህር» ሲባል የሁሉም ሐሳብ ወደ ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ ይሄዳል። እርግጥ ነው፣ እነዚህ ሁልጊዜ ይፈለጋሉ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ከሆኑ ወዲህ፣ ወላጆች ትምህርት ቤት ሲመርጡ የፊዚክስና የሒሳብ መምህሩን ማንነት መጠየቅ ጀምረዋል። ቁጥሩ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ደርሷል፤ ፉክክሩ ግን አልበረደም።

ብዙዎች ያላስተዋሉት ክፍተት ሌላ ቦታ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል የጀመረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ አድርጎ ሲከፋፍል አዳዲስ የትምህርት ዓይነቶችንም ይዞ መጥቷል፦ ግብረ ገብ፣ የክወናና ዕይታ ጥበባት፣ በሁለተኛ ደረጃም ከሥራ ዓለም ጋር የሚያስተሳስሩ የሙያ ትምህርቶች። የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ድርሻም ከፍ ብሏል። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ወይም ከአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀ ወጣት የመድረክና የሸራ ገበያው ሲቀዘቅዝበት፣ በቂርቆስ ውስጥ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የክወናና ዕይታ ጥበባትን ለአማርኛ መምህሩ ደርቦ ሰጥቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት ማስታወቂያ ስላላወጣ ቦታ የለውም ማለት አይደለም። «ይህን ትምህርት ማን ነው የሚሰጠው?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው።

የአፋን ኦሮሞ መምህራንም በከተማዋ ይፈለጋሉ። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ምሩቃንን በተመለከተ ደግሞ የግል ትምህርት ቤቶች ገና ነቅተው አላበቁም፤ ነገር ግን ኦቲዝም ወይም የመስማት ችግር ያለበት ልጅ ወላጅ በጠየቀ ቁጥር የሚያፍሩበት ጉዳይ ስለሆነ፣ ራሱን አስተዋውቆ የሚሄድ ባለሙያ የመሰማት ዕድል አለው።

ወደ ድጋፍ ሰጪው ስንመጣ ሥራው ከጥበቃና ከጽዳት በእጅጉ ይሰፋል። ሞግዚት፣ ረዳት መምህርት፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ የቤተ ሙከራ ቴክኒሽያን፣ የአይሲቲ ባለሙያ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ጸሐፊ፣ የሪከርድና ማኅደር ሠራተኛ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊ፣ ነርስ፣ የተማሪዎች ሰርቪስ ሾፌርና ረዳት፣ አትክልተኛ፣ የምክር አገልግሎት ባለሙያ፤ አንድ መካከለኛ የግል ትምህርት ቤት የእነዚህን ግማሽ ያህሉን ይቀጥራል። በሙያ የሠለጠነ ሰው ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ማረጋገጫ ካለው ማመልከቻው ላይ ፊት ለፊት ያስቀምጠው፤ ብዙ ጊዜ ከስድስት ሰርተፍኬቶች ሥር ተደብቆ ይገኛል።

ስለ ምገባ ለብቻው ማውራት ያስፈልጋል፣ ብዙ እናቶች የሚጠይቁት እሱን ነውና። የአዲስ አበባ የተማሪዎች ምገባ በበጎ አድራጎት ተጀምሮ ከ2011 ዓ.ም. በኋላ የከተማ አስተዳደሩ ሥራ ሆነ፤ ራሱን የቻለ ኤጀንሲም ተቋቋመለት። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ የሚያዘጋጁት በማኅበር የተደራጁ መጋቢ እናቶች ሲሆኑ በመላው ከተማ ከ10 ሺህ በላይ ናቸው። እዚህ ላይ የሚሳሳቱ አሉ፤ ለርዕሰ መምህሩ «ወጥ ቤት ቅጠሩኝ» ማለት ውጤት የለውም። መጋቢ እናት የትምህርት ቤቱ ቅጥረኛ ሳትሆን የማኅበሯ አባል ናት፤ ክፍያውም ከሚመገበው ተማሪ ቁጥር ጋር ይያያዛል። መነሻው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው፤ ማኅበሩ አባል ሲጎድለው ወይም አዲስ ሲደራጅ ቅድሚያ የሚሰጠው አነስተኛ ገቢ ላላቸው የአካባቢው እናቶች ነው። የካዛንቺሱ ለውጥ እዚህም ይነካል፤ ተማሪው ባነሰበት ትምህርት ቤት የማኅበሩም ገቢ ያንሳል።

በጥበቃና በጽዳት ሥራም ተመሳሳይ ጥያቄ መጠየቅ ይገባል፦ አሠሪዬ ማን ነው? ብዙ ተቋማት እነዚህን ሥራዎች በጨረታ ለኤጀንሲ ወይም ለተደራጁ ማኅበራት ይሰጣሉ። እንዲያ ከሆነ ደመወዝዎ፣ ጡረታዎና የዓመት ፈቃድዎ የሚጠየቀው ከትምህርት ቤቱ ሳይሆን ከኤጀንሲው ነው። የመታወቂያ ካርድዎ ላይ የተጻፈው ስም የማን እንደሆነ ማየት ጥሩ መነሻ ነው።

አራተኛ፦ ወረቀቱን በሰኔ ይጨርሱ

የሁሉም መሠረት የፋይዳ መታወቂያና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው። ከዚያ በላይ የሚጨመረው እንደ በሩ ይለያያል።

ለመምህርነት የሚያስፈልገው ዲግሪ ወይም ዲፕሎማ ከስቱደንት ኮፒው ጋር ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ስለሚወስዱ፣ ከዚያ ወዲህ የተመረቀ ሰው ማለፉን የሚያሳይ ማስረጃ ይያዝ። ከማስተማር ውጭ በሆነ የሳይንስ ወይም የቋንቋ ዘርፍ የተመረቀ ሰው በሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር ፒጂዲቲ የሚባለውን የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ይጠየቃል። ሥልጠናው ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሰጥ ቆይቷል። አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ያለ ፒጂዲቲ ቢቀጥሩም፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው የመምህሩ ማኅደር ነውና ቦታው አስተማማኝ አይሆንም። አዲስ አበባ ውስጥ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲን የመሰለ በዚሁ ላይ የተሰማራ ተቋም እያለ ጉዳዩን ማዘግየት ምክንያት የለውም።

ውጭ አገር የተማሩ አመልካቾች ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ያውጡ። ይህ ጊዜ ስለሚወስድ ከማስታወቂያው በፊት መጀመር አለበት።

ቀድሞ የሠራ ሰው የሥራ ልምድ ደብዳቤውን በጥንቃቄ ያጽፍ። ከግል ተቋም የመጣ ልምድ በመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዲያዝለት ከፈለገ፣ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ደብዳቤው ላይ መጠቀስ አለበት። ከቀን እስከ ቀን፣ በምን የሥራ መደብ፣ በስንት ደመወዝ የሚለው ካልተሟላ ወረቀቱ ይመለሳል። የመልቀቂያ ደብዳቤና ክሊራንስም ከዚሁ ጋር ይታሰቡ፤ በመስከረም ወር ክሊራንስ የሚፈርም ኃላፊ ፈልጎ ማግኘት የራሱ ፈተና ነው።

ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ክፍልና ጥበቃ ዋስ ይጠየቃሉ። ዋስ የሚሆን ሰው ከማስታወቂያ በኋላ ሲፈለግ ሁሉም «ሥራ በዝቶብኛል» ይላልና አስቀድመው ያነጋግሩ። ከልጆች ጋር የሚሠራ ሰው ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ከፌደራል ፖሊስ ማውጣቱ ባይጠየቅም ያስከብረዋል። የጤና ምርመራ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ለመቀጠር የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት እንዲያቀርቡ ሊገደዱ አይችሉም።

አካል ጉዳተኛ አመልካቾች አዋጅ ቁጥር 568/2000ን በስም ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል። አዋጁ በቅጥር ላይ የሚደረግ አድልዎን ይከለክላል፤ አሠሪው የሥራ ቦታውን ምቹ እንዲያደርግም ያስገድዳል።

አምስተኛ፦ ማስታወቂያው የት አለ?

የክፍለ ከተማውና የወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ አሁንም አልሞተም። የመንግሥት ቅጥር ከመንግሥት ሰሌዳ ይጀምራል፤ የማመልከቻ ቀኑ በጥቂት የሥራ ቀናት ስለሚያበቃ በሳምንት አንድ ጊዜ ማለፍ ግድ ነው። «አዲስ ዘመን» እና «ሪፖርተር» ጋዜጦች የሥራ ገጽ አላቸው። የግሎቹ ደግሞ ወደ ኢትዮጆብስ፣ ወደ ሃሁጆብስና ወደ ቴሌግራም ቻናሎች ጠቅልለው እየገቡ ነው። በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሚመራው የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ላይ መመዝገብም በወረዳው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ይቻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ይኑር። ቴሌግራም ላይ «የምዝገባ 300 ብር በቴሌብር ላኩ» የሚል የትምህርት ቤት ማስታወቂያ ካዩ ይዝለሉት። ለመፈተን ገንዘብ የሚያስከፍል ትምህርት ቤት፣ ቢኖር እንኳ፣ ደመወዝ የሚከፍልበትን ቀን መጠራጠር ይገባል።

ስድስተኛ፦ ዴሞውን እንደ ክፍለ ጊዜ ያስተምሩ

የግል ትምህርት ቤት ምርጫ ብዙውን ጊዜ ሦስት ደረጃ አለው፤ የጽሑፍ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅና ዴሞ የሚባለው የሙከራ ማስተማር። አመልካቾች የሚወድቁት ሦስተኛው ላይ ነው። በወንበር ላይ የተደረደሩትን ርዕሰ መምህርና የትምህርት ክፍል ኃላፊ እንደ ፈታኝ አይቶ ንግግር የሚያደርግ አለ። እነሱ ግን ለደቂቃዎች የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ እንደዚያው መያዝ ነው።

ርዕሱን ከአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ይውሰዱ፤ የተማሪ መጻሕፍቱ በስልክ የሚነበብ ቅጂ ስላላቸው ምክንያት አይኖርም። አንድ ጠባብ ነገር ይምረጡ። ለምሳሌ ክፍልፋይ መደመር ከሆነ ሙሉ ምዕራፉን ለመሸፈን ከመሮጥ፣ በወረቀት የተቆረጠ እንጀራ ይዞ ገብቶ ግማሽና ሩብ ሲደመሩ ለምን ሁለት ስድስተኛ እንደማይሆኑ ማሳየት ይበልጣል። ሰሌዳውን ከፋፍለው ይጻፉ፣ ቀኑንና ርዕሱን አይርሱ፣ ከኋላ የተቀመጠውን ይጠይቁ፣ የተሳሳተ መልስ ሲመጣ አያሸማቅቁ። መጨረሻ ላይ ሁለት የመለማመጃ ጥያቄ ይስጡና ሰዓትዎን ጠብቀው ያቁሙ። አስተምረው ሲጨርሱ ዕቅድዎን በጽሑፍ ማስረከብ ከሌላው አመልካች ይለይዎታል።

አብዛኛው የግል ትምህርት ቤት የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ዴሞውም በዚያው ይሆናል። የተሰባበረ ፈጣን እንግሊዝኛ ከቀስታና ከጥራት ያነሰ ነጥብ ያመጣል።

ለአፀደ ሕፃናት የሚያመለክቱ መቆም ብቻ አይበቃቸውም። መዝሙር፣ ተረት፣ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ መጫወት ይጠበቃል። ለሞግዚትነትም ቢሆን «ልጅ ሲያለቅስ ምን ታደርጊያለሽ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርምና፣ መልሱን ከራስ ልምድ አስቀድሞ ማሰብ ነው።

ሰባተኛ፦ ከመፈረም በፊት ያስሉ

«ደመወዝ በስምምነት» የሚለው ሐረግ የብዙ ማስታወቂያ ጌጥ ነው። ለመስማማት መነሻ ቁጥር ያስፈልጋል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት የደመወዝ ማሻሻያ የአንድ ጀማሪ ዲግሪ ምሩቅ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር፣ የዝቅተኛው ተከፋይ ደግሞ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር አድጓል። መምህራን የራሳቸው የእርከን ሠንጠረዥ ቢኖራቸውም የግል ትምህርት ቤት ሲደራደሩ እነዚህ ቁጥሮች ጥሩ መለኪያ ናቸው። በግሉ ዘርፍ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ እስካሁን ስለሌለ፣ የሚከራከርልዎ ቁጥር እርስዎ ይዘውት የሚገቡት ነው።

ጥቅሉንና እጅ ላይ የሚደርሰውን አያምታቱ። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሥራ ግብር የማይከፈልበት ጣሪያ 2,000 ብር ነው። 10,000 ብር የተባለ ደመወዝ 1,650 ብር ግብርና 7 በመቶ ጡረታ፣ ማለትም 700 ብር ተቀንሶ 7,650 ብር ይሆናል። አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ፣ ማለትም 1,100 ብር በስምዎ ለጡረታ ያስገባል። «ጡረታ አንቆርጥብህም፣ ተጠቀም» የሚል አሠሪ 700 ብር እየሰጠ 1,100 ብር እያስቀረ እንደሆነ ልብ ይበሉ።

ውሉ ላይ ሦስት ነገር ይፈልጉ። አንደኛው የሙከራ ጊዜ ነው፤ በአዋጁ መሠረት በጽሑፍ ሆኖ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ሁለተኛው የክረምት ደመወዝ ነው። የአሥር ወር ውል እያስፈረሙ ሐምሌና ነሐሴን የሚዘሉ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ሆኖም አዋጁ በዘረዘራቸው የተለዩ ሁኔታዎች ካልሆነ በቀር የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። በየዓመቱ የሚታደስ የአሥር ወር ውል የፈረሙ መምህር ይህን አንቀጽ ለክፍለ ከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ይዘው ቢሄዱ ጥያቄያቸው መሠረት አለው። ሦስተኛው የክፍለ ጊዜ ብዛት ነው። በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ፣ ቅዳሜ ማጠናከሪያ አለ ወይ፣ ሰርቪስ ላይ ተረኛ ይኮናል ወይ? በቃል የተነገረ ወረቀት ላይ ይውረድ። ውል በጽሑፍ ካልተደረገ እንኳ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋና ነጥቦቹን የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ የመስጠት ግዴታ አለበት።

ለጥበቃ ሠራተኞች ሒሳቡ ትንሽ ይለያል። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ የበለጠው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሆነ በመደበኛው የሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን እጥፍ፣ በበዓል ሁለት ተኩል እየተባዛ ይከፈላል። ለጥምቀትና ለፋሲካ ግቢውን ብቻውን የጠበቀ ሰው ይህን ቢያውቅ አይጎዳም።

ስምንተኛ፦ ከተቀጠሩ በኋላና ወቅቱ ካለፈ

በመንግሥት የገባ መምህር ከጀማሪ መምህርነት ተነስቶ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር፣ መሪ መምህር እያለ ይወጣል። ለመውጣት ደግሞ የሥራ አፈጻጸም ማኅደርና የሙያ ፈቃድ ምዘና ያስፈልጋሉ። ማኅደሩን ለመሰብሰብ የምዘናው ዓመት እስኪደርስ የሚጠብቅ ሰው የሦስት ዓመት ዕቅድና የተማሪ ውጤት ፍለጋ አሮጌ ኮምፒውተር ሲያስከፍት ይከርማል። ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ አንድ ፋይል ይክፈቱ። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበርን በአባልነት መቀላቀልም መብትና ጥቅምን በሚመለከት ጥያቄ ሲነሳ የሚጠየቅ ቤት ይሰጣል።

ነሐሴ ያመለጠው ሰውስ? ሁለተኛው ሴሚስተር ከመጀመሩ በፊት፣ በጥር ወር፣ ሌላ ትንሽ ገበያ አለ። የተሻለ ያገኘ መምህር የሚለቀው የመጀመሪያውን ሴሚስተር ፈተና አርሞ ነውና። ከዚህም በተጨማሪ የወሊድ ፈቃድ በአዋጁ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ነው። ሴቶች መምህራን በሚበዙበት አፀደ ሕፃናትና አንደኛ ደረጃ ይህ ማለት አንድ ክፍል ለ120 ቀናት ምትክ ይፈልጋል ማለት ነው። ለጊዜው የቀረን ሠራተኛ መተካት አዋጁ የተወሰነ ጊዜ ውል ከሚፈቅድባቸው ሁኔታዎች አንዱ በመሆኑ ትምህርት ቤቱም አይፈራውም። እንዲህ ያለውን ቦታ ግን ጋዜጣ ላይ አያገኙትም። ሲቪውን ለጥበቃው ሰጥቶ ከመመለስ፣ ከሰዓት በኋላ ተማሪ ከወጣ ወዲህ ዩኒት ሊደሩን ወይም የአፀደ ሕፃናት ኃላፊዋን አግኝቶ «ለምትክም ቢሆን ዝግጁ ነኝ» ብሎ ስልክ ማስመዝገብ፣ ከዚያም በየወሩ መጀመሪያ አንዴ ደውሎ መጠየቅ ነው።